ስለ ክህነትና ስለ ምልጃ ስንነጋገር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ እናቴ ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ትቀድና ስም ትጽፋለች። የምንጠራበትን ስም ሳይሆን የክርስትና ስማችንን ነው። ወለተ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እያለች ትወርዳለች። ከታች ለብቻው ዱባይ ያለችው እህቴ ስም አለ። ወረቀቷን አራት ላይ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራታለች። ጠዋት ለንስሐ አባታችን ትሰጣለች።

አንድ ቀን ፕሮቴስታንት የሆነ አብሮ አደጌ ይህን አየና «ለምን ራሷ ለእግዚአብሔር አትነግረውም?» አለኝ። ለክፋት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ፈጠን ብዬ «ንጉሥ ዘንድ ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?» አልኩት። ያኔ የረታሁት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የመለስኩት መልስ ከእምነቴ ጋር አይሄድም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ የምንሳሳተውን ነገር ልብ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። የብዙዎቹ ስህተቶች ባለቤት እኛው ምእመናኑ ነን።

ምልጃን «ሰው ማወቅ» ማድረግ

እኛ አገር አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠየቀው «እዚያ ሰው አለህ?» ተብለህ ነው። ሰው ከሌለህ ደጅ ስትጠና ትከርማለህ። ይህን ኑሮ ሳናውቀው ወደ ጸሎት ይዘነው እንገባለን። እግዚአብሔር ፊቱን ያጠቆረ ሹም፣ ቅዱሳን ደግሞ ውስጥ ያሉ ዘመዶቻችን ይመስሉናል። እሱ እምቢ ይላል፣ እነሱ ያባብሉታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ዘፍጥረት 18 ላይ አብርሃም ስለ ሰዶም ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየወረደ ሲለምን እናነባለን። ንግግሩን የከፈተው ማን ነው? እግዚአብሔር ራሱ ነው። የማደርገውን ከአብርሃም እሰውራለሁን ብሎ ነገሩን ገለጠለት። በኢዮብ መጨረሻ ላይም ጓደኞቹን ወደ ኢዮብ ሂዱ፣ እሱ ይጸልይላችኋል ያላቸው እሱ ነው። በሕዝቅኤል 22 ላይ ደግሞ ቅጥሩ በፈረሰበት በኩል ስለ ምድሪቱ የሚቆም ሰው ፈልጌ አላገኘሁም ይላል። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አይደለም። አማላጅ የሚፈልገው ራሱ ነው፤ እርስ በርሳችን እንድንተሳሰብ ስለሚወድ።

ለእኔ ነገሩን ያበራልኝ ዘጸአት 28 ነው። የአሮን ልብስ ሲታዘዝ በሁለት የከበሩ ድንጋዮች ላይ የእስራኤል ልጆች ስም እንዲቀረጽ ተባለ፤ ስድስቱ ስም በአንዱ፣ ስድስቱ በሌላው። ድንጋዮቹ በትከሻው ላይ ይሆናሉ። በደረቱ ላይ ደግሞ 12 ድንጋዮች፣ በየአንዳንዱ የአንድ ነገድ ስም። ሊቀ ካህኑ ወደ መቅደስ ብቻውን ይገባል፣ ግን ብቻውን አይደለም። የሌቦቹም፣ የደጎቹም፣ ያኮረፉትም ስም በትከሻውና በልቡ ላይ አለ። የእናቴ ወረቀት የዚያ ታናሽ እህት ናት። ክህነትም ምልጃም የሰውን ስም ተሸክሞ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ነው።

ከ1 ጢሞቴዎስ 2፥5 ላይ ማቆም፣ ወይም ጥቅሱን መሸሽ

«በእግዚአብሔርና በሰውም መካከል ያለው መካከለኛው ደግሞ አንድ አለ።» ይህ ጥቅስ ሲነሳ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ርዕስ እንቀይራለን። መሸሽ አያስፈልግም። ቃሉ የእኛም ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር መካከለኛነቱ ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ራሱን ለሁሉ ቤዛ ሰጠ። ቤዛ የሆነልን አንድ ነው። እመቤታችንም ሆነች ቅዱስ ሚካኤል አልተሰቀሉልንም። ይህን በግልጽ መናገር ቅዱሳንን አያሳንስም።

ጥቅሱን የሚጠቅሰው ወገንም አራት ቁጥር ወደ ኋላ ቢመለስ ደግ ነው። ቁጥር 1 ላይ ጳውሎስ ልመናና ጸሎት ምልጃም ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረግ ያዝዛል። ቁጥር 5 ለሌላ ሰው መማለድን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ያው ሐዋርያ በዚያው ገጽ ላይ ባላዘዘው ነበር። እውነተኛው ልዩነታችን ሌላ ቦታ ነው፦ ያረፉ ቅዱሳንስ ይጸልዩልናል ወይ? ኦርቶዶክስ አዎ ትላለች፤ ሞት ከክርስቶስ አካል አይለያቸውምና። በራእይ 5 እና 8 የቅዱሳን ጸሎት እንደ ዕጣን ሲያርግም ታያለች። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ያረፉትን ለምኑ የሚል ትእዛዝ የለም ይላሉ። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሆን ቢያንስ እንደማመጣለን።

በሮሜ 8፥34 ላይ በአንድ የአማርኛ ቃል መጣላት

ክርስቶስ «ይማልዳል» ወይስ «ይፈርዳል»? የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እትሞች እዚህ ላይ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ወጣቶቻችንም ስልክ ላይ እስኪነጋ ይሟገቱበታል።

በአማርኛ ማማለድ ስንል ዝቅ ብሎ መለመን ነው የሚታየን። በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ የሚተካከል ነው እንላለን። ስለዚህ ወልድ በአብ ፊት ወድቆ ይለምናል የሚል ስዕል ሲመጣብን ብንደነግጥ ትክክል ነን። ግን የግሪኩ ቃል ከዚህ ይሰፋል፤ ወደ አንድ አካል ቀርቦ ስለ አንድ ጉዳይ መናገር ማለት ነው። በሮሜ 11፥2 ኤልያስ በእስራኤል ላይ ሲከስስ የተጻፈው በዚሁ ቃል ነው። በሮሜ 8፥27 ደግሞ ስለ መንፈስ ቅዱስ ተነግሯል። መንፈስ ቅዱስ ከአብ ያንሳል የሚል ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም የለም። ስለዚህ ከመሟገት በፊት ተከራካሪህን «ማማለድ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ክርስቶስ አንድ ጊዜ የፈጸመው መሥዋዕት ለዘላለም ይሠራል ማለቱ ከሆነ ዕብራውያን 7ም የሚለው እሱኑ ነው።

ጥምጣም ያደረገውን ሁሉ ካህን ማለት

ይህ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። የክህነት ማዕረግ ሦስት ነው፤ ዲቁና፣ ቅስና፣ ጵጵስና። መሪጌታ የዜማ መሪ ነው። ደብተራም የዜማና የቅኔ ሰው ነው። ክህነት ሊኖራቸው ይችላል፣ ላይኖራቸውም ይችላል። ንስሐህን ከመናገርህ በፊት ማን ፊት እንደቆምክ እወቅ።

«ሁላችንም ካህናት ነን» እና «እሱ የካህናት ሥራ ነው»

ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ምእመናንን «የንጉሥ ካህናት» የሚለውን 1 ጴጥሮስ 2፥9ን ይዞ ይመጣል። ማርቲን ሉተር በ1520 እ.ኤ.አ. በዚህ ቃል በጳጳሳት ሥልጣን ላይ ሲነሳ የዘመኑ ብልሹነት እውነት ነበር። ግን ጴጥሮስ ቃሉን የወሰደው ከዘጸአት 19፥6 ነው። እዚያ ሕዝቡ ሁሉ የካህናት መንግሥት ተባለ፣ ዘጠኝ ምዕራፍ ቆይቶ ደግሞ አሮን ተለይቶ ተሾመ። አንዱ ሌላውን አልሻረውም። ዕብራውያን 5፥4ም ይህን ክብር ለራሱ የሚወስድ የለም ይላል። በአገራችንም ክህነት ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስናውን ለመቀበል እስክንድርያ ድረስ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሾመ። እዚሁ አክሱም ላይ ራሱን አልሾመም።

ሁለተኛውን የምንለው እኛ ነን። ጸሎትን ለቄስ፣ ትምህርትን ለሰባኪ ሰጥተን ቅዳሴ ላይ እንደ ተመልካች እንቆማለን። ለቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። የሕዝቡም ድርሻ በመጽሐፉ ላይ «ይበል ሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል። ያንን ክፍል ማንም አይወስድልህም።

ምስጢሩን በካህኑ ጠባይ መለካት

«እዚያ ቄስ እጅ አልቆርብም» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ303 እ.ኤ.አ. የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲያውጅ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ። ስደቱ ሲያልፍ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ዶናቲስቶች የተባሉት «እንዲህ ያሉ ሰዎች ያጠመቁት አልተጠመቀም» ብለው ተለዩ። መለያየቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ ሲመልስላቸው የድንጋይ ቦይ ምሳሌ ሰጠ። ውኃ በድንጋይ ቦይ አልፎ አትክልቱን ያጠጣል። ቦዩ ምንም አያበቅልም፣ አትክልቱ ግን ይለመልማል። የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው።

ይህ ማለት የካህን ጥፋት ይሸፈን ማለት አይደለም። በስመ ክህነት ሰው የጎዳን ዝም ማለት አክብሮት አይባልም። ለሀገረ ስብከት የሚነገረው ይነገራል፣ ወንጀል ከሆነ ሕግ አለ። አንድን ካህን ከአገልግሎት ማገድና ትናንት የሰጠኝ ቁርባን ከንቱ ነበር ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

ስም ልኮ መተኛት

ሰው ይበላ የነበረው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም በሰጠው እፍኝ ውኃ ምሕረት አገኘ ሲባል የሰማ ሰው አንዳንዴ «እኔም ዝክር አወጣለሁ» ብሎ ከበደሉ አይመለስም። ታሪኩ የሚነገረው ተስፋ ለቆረጠ ነው። የበደለውን ሳይክስ ለመኖር ለሚፈልግ ሰው ፈቃድ ወረቀት አይሆንም። አማላጅ አንተን ተክቶ ንስሐ አይገባም።

ካህናቱ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። በቅዳሴው መጀመሪያ ላይ ካህን ካህኑን «ተዘከረኒ፣ አባቴ ሆይ በጸሎትህ አስበኝ» ይለዋል። መሠዊያው ሥር የቆመ ሰው እንኳ ጸልይልኝ ይላል።

እህቴ ዱባይ ካለችበት ቤት በእረፍት ቀን እንኳ አትወጣም። ማታ ሥራ ስትጨርስ ትደውላለች። እናቴ «ስምሽን ሰጥቻለሁ፣ አንቺም የእኔን አንሺ» ትላታለች። ስልኩን ዘግታ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ትዞራለች። እዚያ ሥር ሌላ ወረቀት አለች፣ ለካህን የማትሰጣት፣ ራሷ የምትጸልይባት። ከላይ የተጻፈው ስም የንስሐ አባታችን ነው።