በድሬዳዋ መናፈሻ ሳይሳቀቁ ለመንሸራሸር

ወደ ሕዝብ መናፈሻ በገቡ ቁጥር ልባቸው የሚመታ፣ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉት ግራ የሚገባቸው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ እነርሱን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው ምክር «አትፍራ፣ ማን ምን ያደርግሃል?» የሚል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ግን ምክሩ ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት፤ እዚህ ልብን ከሚያስደነግጡት ነገሮች ብዙዎቹ ከሰው ዓይን ጋር ጉዳይ የላቸውም።

በመጀመሪያ የራስዎን ሰውነት ይመርምሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ይበረታል። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ያጠምቃል፣ አፍ ይደርቃል፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ ራሱን ያዞረዋል። እነዚህ ሁሉ ፍርሃትም የሚያመጣቸው ምልክቶች ስለሆኑ፣ አእምሮ ሰበብ ሲፈልግ ፀሐይዋን ትቶ ከፊቱ የተቀመጠውን ጎረምሳ ይጠረጥራል።

ጫት የቃመ ሰው ነገር ከዚህም ይብሳል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ጭንቀትና ጥርጣሬ ሊከተል ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ከበርጫ ተነሥቼ ዛፍ ዛፉን ስሄድ፣ ከኋላዬ «ጠብ፣ ጠብ» የሚል ኮቴ ሰምቼ ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ ስቆም ኮቴው ይቆማል፣ ስራመድ ይከተለኛል። አራተኛው ላይ ነው ጎንበስ ብዬ የገዛ ነጠላ ጫማዬ ሶል ከፊቱ ተላቅቆ መሬቱን ሲመታ ያየሁት።

ስለሆነም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ውሃ ይጠጡ፤ በቃሙበት ቀን፣ ቡናም በደራረቡበት ቀን፣ ብቻዎን ወደ መናፈሻ ባይሄዱ ይመረጣል። ልብዎ ከፈጠነ ጥላ ሥር ተቀምጠው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ረጋ ካለልዎ ጥፋቱ የሙቀቱ ሊሆን ይችላል። የተሻለው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 2፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀንበር እስክትጠልቅ ያለው ነው። ችግሩ፣ የደንጊ ትኩሳትንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትናከሰውም በእነዚሁ ሰዓቶች መሆኑ ነው። ደንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በከተማዋ በወረርሽኝ መልክ ታይተዋልና፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ መልበስ አይጎዳም።

ሙቀቱም ጫቱም ሳይኖር የሚመጣውን ፍርሃት በደረጃ መልመድ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን በአጥሩ ዙሪያ ብቻ ይሂዱ፤ በሌላ ቀን በአንዱ በር ገብተው በሌላው ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ ለመቀመጥ ይሞክሩ። ዋናው ነገር ጭንቀቱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ቅጽበት ተነሥቶ አለመሮጥ ነው፤ በዚያች ሰዓት የሸሸ ሰው እፎይታውን ከመሸሹ ጋር አያይዞ ስለሚይዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከበሩ ይመለሳል። አየር በአፍንጫ ስበው፣ ከሳቡበት ጊዜ በሚረዝም እስትንፋስ ቀስ ብለው እያስወጡ ጭንቀቱ እስኪበርድ ይቆዩ።

መቀመጥ ሲፈልጉ «ሰው አለው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ጨዋታ የመቀጠል ግዴታ የለብዎትም። ከሌላ አገር ለመጡ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ የድሬ ልጅ ታላቁንም «አንተ» ይላል፣ ከሩቅ «ወሪያ!» ብሎም ይጣራል። ይህ የከተማዋ አነጋገር እንጂ ንቀትም ጠብ መፈለግም ስላልሆነ፣ በፈገግታ «አቦ» ብለው ያልፉት። ለከፋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሴቶች በይሉኝታ ሊሸከሙት አይገባም። መልስ ሳይሰጡ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ወይም ጥበቃ ወዳሉበት መሄድ፣ የሚከተል ካለም ባጃጅ ይዞ መውጣት ፈሪነት አይደለም። ስልክዎን ከጉዳይ በስተቀር በእጅዎ አይያዙ።

ውሻ ሲመጣ አይሩጡ። ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ በጎን ቆመው፣ ረጋ ብለው ያሳልፉት፤ እየቀረበ ከሄደ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሡ መምሰል አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። ከነከሰዎ ወይም ከቧጨረዎ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላልና ክትባቱ ለነገ አይባልም።

በእውነት ሊፈራ የሚገባውን ግን ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። መንገድዎ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ በኩል ከሆነ፣ አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ስላዩ ብቻ አይዘናጉ፤ ጎርፉ የሚመጣው በደቡብ ካሉት ደጋዎች ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ጎርፍ የመጣው ሰው በተኛበት ሌሊት ነበር። በደቡብ ባለው በደንገጎ ተራራ አቅጣጫ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ቢረዝምም በድልድዩ ዞረው ይሂዱ።