ከጫካ የተመለሰን ልጅ ስንቀበል የሚሠሩ ስህተቶች

የጆሴፍ ኮኒ አማጺ ቡድን፣ ኤልአርኤ፣ ከሰሜን ኡጋንዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አፍኖ ወስዷል። ብዙዎቹ አምልጠው ተመልሰዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከተመለሱ በኋላ፣ ክፉ በማያስብ ሰው እጅ የሚደርስባቸው ነው።

«ወዶ ነው የገባው» ማለት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1996 በሰሜን ኡጋንዳ አቦኬ ከሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት 139 ሴት ተማሪዎች በሌሊት ተወሰዱ። ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ሲስተር ራኬሌ ፋሴራ ዱካቸውን ተከትለው፣ ተማጽነው 109ኙን አስመለሱ፤ 30ዎቹ ቀሩ። አማጺዎቹ አንዳንዱን ልጅ ዘመዱን ወይም ጎረቤቱን እንዲገድል ያስገድዱት ነበር፤ ሆን ብለው፣ መመለሻ እንዲያጣ። በእግሩ ሄዶ የገባስ ቢሆን? ቤቱ የተቃጠለበት የ13 ዓመት ልጅ መርጦ ሄደ አይባልም። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነትም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለውትድርና መመልመልን፣ በግድም ይሁን በውድ፣ የጦር ወንጀል ብሎታል።

ጠመንጃ ያልያዘችውን መርሳት

በሴራሊዮን ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በአብዛኛው የሚመዘገበው መሣሪያ ያስረከበ ነበር። ስታበስል፣ ሸክም ስትሸከም፣ በግድ «ሚስት» ስትደረግ የኖረችው ልጅ ምን ታስረክብ? ብዙዎቹ ያለ አንዳች ርዳታ ወደ መንደራቸው ገቡ።

«ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ መጠየቅ

ጎረቤትም ጋዜጠኛም ይህን አይጠይቅ። ራሱ ማውራት የፈለገ ቀን ማዳመጥ ይበቃል።

ወይ ወንጀለኛ ወይ ተበዳይ ብሎ መቁረጥ

ዶሚኒክ ኦንግዌን በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በኤልአርኤ ታፍኖ፣ አድጎ የቡድኑ አዛዥ ሆነ። በሄግ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2021 በ61 ክሶች ጥፋተኛ ብለው 25 ዓመት ሲፈርዱበት፣ በልጅነቱ መታፈኑን ለቅጣት ማቅለያ ይዘውለታል።

«ቤቱ ገባ፣ አለቀ» ማለት

በሰሜን ኡጋንዳ በሚኖሩት አቾሊዎች ዘንድ ተመላሹ ከመግባቱ በፊት ጥሬ እንቁላል ይረግጣል። አብረው የሚጋደሙት ልጣጩ እንደ ሳሙና የሚያሟልጨው የኦፖቦ ቅርንጫፍና ጎተራ የሚከፈትበት እንጨት፣ ላዪቢ፣ ናቸው፤ ድሮ የበላህበት ቤት ነው ለማለት። ደስ የሚል አቀባበል ነው። ሌሊት ግን ልጁ ይባንናል። እናቱ ትከሻውን ነክታ አትቀስቅሰው፤ ራቅ ብላ በስሙ ትጥራው።

ሴቶቹ በጫካ የወለዷቸው ልጆችስ? በአቾሊ መሬት የሚወረሰው በአባት ወገን ነው። ልጇን ይዛ ወንድሞቿ ዘንድ የተጠጋች እናት፣ ልጁ ሲጎረምስ ርስቱን ካባቱ ዘር ይፈልግ ትባላለች። እንዲህ ያሉ እናቶች የአባትየውን ዘመዶች ሲያፈላልጉ ዓመታት አልፈዋል።