ሂሮሺማን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃፓንን ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኖቹን ለቶኪዮና ለኪዮቶ ይመድብና ሂሮሺማን በተረፈችው ቀን ይሸጉጣታል። ከኦሳካ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ስህተት እሱ ነው። ይባስ ብሎ ብዙዎች ባሕር ውስጥ በቆመው ቀይ በሯ የምትታወቀውን የሚያጂማ ደሴትንም በዚያው ቀን ይጨምሯታል። የከተማዋን የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም በጥድፊያ አይተው ጀልባ ለመያዝ ይሮጣሉ። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ሚያጂማን ለማግስቱ ያቆዩት።

ሁለተኛው ስህተት የሰላም መታሰቢያ ፓርኩን ድሮም ፓርክ የነበረ አድርጎ ማየት ነው። ሣሩንና ዛፉን ያየ ሰው አሜሪካ የጣለችው የአቶሚክ ቦምብ ባዶ ሜዳ ላይ የወደቀ ይመስለዋል። ቦታው ግን ናካጂማ የሚባል የደራ ሰፈር ነበር። ሱቅ፣ መኖሪያ ቤት፣ ቤተ መቅደስ፣ ሁሉም ነበረው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 6 ቀን 1945) ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ቦምቡ ከመሬት 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳ። ሰፈሩ ከነሰው ጠፋ። እስከዚያ የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ በከተማዋ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በፓርኩ ውስጥ ዛሬ የጎብኚዎች ማረፊያ የሆነ አሮጌ ሕንፃ አለ። ያን ጠዋት ሰነድ ሊያመጣ ምድር ቤት የወረደ አንድ ሠራተኛ ከዚያ በሕይወት ወጥቷል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ የሰፈሩ ቅሪት የሚታይበት ትንሽ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፍቷል። እኔን ከጠየቁኝ ከሁሉ በፊት እዚያ ይግቡ። ሰው የኖረበትን ወለል ካዩ በኋላ ፓርኩን የሚረግጡት በሌላ ዓይን ነው።

ሙዚየሙን መዝጊያው ሲቃረብ መግባትም ሌላ ስህተት ነው። እዚያ ያለው የሰው ዕቃ ነው፤ የተቃጠለ የተማሪ ልብስ፣ ከሰል የሆነ ምሳ ያለበት ሣህን። አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ሲጫወትበት የነበረ ባለሦስት ጎማ ብስክሌትም አለ። አባቱ ልጁን ከብስክሌቱ ጋር ግቢው ውስጥ ቀበረው። ከ40 ዓመት በኋላ አፅሙን ወደ ቤተሰቡ መቃብር ሲያዛውር ብስክሌቱን ለሙዚየሙ ሰጠ። እንዲህ ያለው ነገር በሩጫ አይታይም። ከልጆች ጋር ከሆኑ አስቀድመው ያነጋግሯቸው። ትንንሾቹን ባያስገቧቸው ይሻላል።

ብዙ ሰው የፈራረሰውን ባለጉልላት ሕንፃ ፎቶ አንስቶ «አየሁ» ይላል። ሕንፃው ቼካዊው ያን ሌትዘል የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀ የምርትና የንግድ ማሳያ አዳራሽ ነበር። ቦምቡ በቀጥታ የፈነዳው ግን ከእሱ በላይ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ከሚገኝ ሆስፒታል በላይ ነው። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት የመታሰቢያ ሰሌዳ አለች፤ ብዙው ሰው ሳያያት ያልፋል። የኮሪያውያን ሐውልትም እንዳያመልጥዎ። ያኔ ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች በሂሮሺማ ብዙ ኮሪያውያን ነበሩ። ሐውልታቸው እ.ኤ.አ. በ1970 የቆመው ከፓርኩ ውጭ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ይህን ሳያውቁ የከተማዋን ታሪክ አወቅሁ ማለት ይከብዳል።

ፎቶ ማንሳት አይከለከልም። ቅስት በሚመስለው የሟቾቹ መታሰቢያ ፊት እየዘለሉና እየሳቁ መነሳት ግን ነውር ነው። ከጎንዎ ለእናቱ የሚጸልይ ሰው ሊኖር ይችላል። በቅስቱ በኩል አሻግረው ሲያዩ የሚነደው የሰላም ነበልባል የተለኮሰው እ.ኤ.አ. በ1964፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ወርቅ ባጠለቀበት ዓመት ነው። የዚያን ኦሎምፒክ ችቦ የለኮሰው ወጣትም ቦምቡ በወደቀበት ዕለት በሂሮሺማ ግዛት የተወለደ ነበር።

«ጨረሩ አይጎዳኝም ወይ?» ብለው የሚቀሩም አሉ። አይጎዳዎትም። ዛሬ በከተማዋ ያለው ጨረር በማንኛውም ቦታ በተፈጥሮ ካለው አይለይም።

ኦገስት 6 ቀን ሊሄዱ ካሰቡ ሆቴል ከብዙ ወራት በፊት ይያዙ። ዕለቱ የሐዘን ቀን ስለሆነ በጠዋቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ከተገኙ ዝም ብለው ይቁሙ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የሰው ድምፅ ሳይሰሙ መመለስ ነው። ሂባኩሻ የሚባሉት ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች አርጅተዋል፤ ቁጥራቸውም በየዓመቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው የእነሱ ማኅበር፣ ኒሆን ሂዳንክዮ ነው። ከተማዋ ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ ተምረው የሚናገሩ ወጣትና ጎልማሳ ሰዎችን ታሠለጥናለች። እነዚህ ሰዎች ሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚ ይናገራሉ፤ በእንግሊዝኛም የሚቀርብ አለ። ቲኬትዎን ከመቁረጥዎ በፊት የሚናገሩበትን ቀንና ሰዓት ይመልከቱና ጉዞዎን በዚያ ላይ ያስተካክሉ።