ጎንደር ላይ ሱቅ ከመክፈታችሁ በፊት ገበያውን እንዲህ ለኩት

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠርቶ ያጠራቀመውን ይዞ ጎንደር መጣ። እዚሁ ፒያሳ ካፌ ሊከፍት ነው። «አክስቴ፣ ከተማው እኮ ሞቅ ብሏል፤ ሰው በሰው ላይ ነው» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው በእጁ ወደ መንገዱ ጠቆመኝ። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ጢም ብሏል። ግን እኔ የሕንፃ መሣሪያ መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። መንገዱ ሞልቶ መሳቢያዬ ባዶ የዋለበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ደብተርና እስክሪቢቶ ገዛሁለትና ሥራ ሰጠሁት። የሰጠሁትን ሥራ ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የጎንደርን ዓመት እወቁ። ጥር ላይ የምታዩት ከተማ ሐምሌ ላይ ከምታዩት ጋር ዘመድም አይመስልም። ለከተራና ለጥምቀት አልጋ አይገኝም። በዚያው ወር ሰርግ አለ። የሰሊጥ ብርም ከቆላው የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይመጣል፤ 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ክረምት ላይ ተማሪው ወደየቤቱ ይሄዳል፣ ግንባታውም በዝናብ ይቆማል። ስለዚህ ጥርን ከታኅሣሥ ጋር አታወዳድሩ። ጥርን ከአምናው ጥር ጋር ነው። ይህን ያልኳችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አንድ ዓመት ጥርና የካቲት ገበያው ደርቶልኝ ወደ አዘዞ መውጫ ሁለተኛ ሱቅ ከፈትኩ። ስምንት ወር አልቆየም። መደርደሪያውን አፍርሼ በጋሪ ስመልስ ያየኝ ሁሉ «ምነው፣ ቤት ልትቀይሪ ነው?» ይለኝ ነበር።

ቀጥላችሁ ብሩ ከየት እንደሚገባ ጠይቁ። እኔ ሚስማር ሸጬ ጎረቤቴ ጋ ሻይ ብጠጣ፣ እሷም በዚያው ብር ከእኔ ቀለም ብትገዛ፣ የምትዞረው ያቺው አንዷ ብር ናት። ከተማው የሚወፍረው ከውጭ አዲስ ብር ሲገባለት ነው። የጎንደር በሮች ደግሞ ይታወቃሉ። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ አሉ፤ ደመወዛቸው ክረምት ከበጋ አይልም። የዳሽን ቢራ ፋብሪካ አለ። የብቅል ፋብሪካው አለ፤ እሱ የደጋውን ገብስ ስለሚፈልግ ብሩ ገበሬው ጋ ደርሶ ቆርቆሮ ሆኖ እኔ ጋ ይመለሳል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው ቱሪስት አለ። ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከው አለ።

እያንዳንዱ በር ዛሬ ምን ያህል እንደተከፈተ ለማየት ቢሮ መግባት አያስፈልግም። ለቱሪስቱ ፋሲል ግቢ በር ላይ ጠዋት ቁሙ። አስጎብኚዎቹ እየተሯሯጡ ነው ወይስ ግንቡ ሥር ቁጭ ብለው ያወራሉ? ለሰሊጡ አዘዞ ውረዱ። የመተማ መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። የጭነት መኪናው ምን ጭኖ እንደሚገባና ምን ጭኖ እንደሚወጣ እዩ። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ እኔ ወሬውን በቴሌቪዥን ሰማሁት። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ድንበሩ ላይ መተማ የሚነግዱ ደንበኞቼ ጅምር ቤታቸውን እንዳለ ትተው ሲጠፉ ነው። የመንገድ ጸጥታም እንዲሁ ነው። መንገድ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን የእኔ ገበያ ይነግራችኋል።

በነገራችን ላይ «የጎንደር ሕዝብ ይህን ያህል ደርሷል፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ገቢ ይደርሰዋል» የሚል ወረቀት ካያችሁ ብዙ አትመኑት። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋ 207,044 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

አሁን ወደ ዱቤ ደብተሬ እንምጣ። ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። እኔ ዱቤ የምሰጠው ለማውቃቸው ግንበኞች፣ አናጺዎችና አንዳንድ መምህራን ነው። በየወሩ መጨረሻ ስንቱ እንደከፈለ ሳይሆን ደመወዝ ከወጣ በስንት ቀኑ እንደከፈለ እጽፋለሁ። ጥሩ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይመጣሉ፤ ሳልጠይቃቸው፣ ቆመው ያወራሉ። ሲጠብ በስምንተኛው ቀን ይመጣሉ፤ ግማሹን ያስቀምጣሉ፣ ዓይኔን አያዩም። አንድ አናጺ አለ፣ ከእኔ ጋር 10 ዓመት ሠርቷል። ባለፈው ክረምት ወደ ሱቁ መምጣት ትቶ በማዶ በኩል መሄድ ጀመረ። ያለበት ዕዳ እኮ ከ2,000 ብር አይበልጥም። ጠርቼ «ና እንጂ፣ ዕዳው አይበላህም» አልኩት። «እትዬ፣ ሦስት ቤት ጀምሬ ሦስቱም ቆመዋል» አለኝ። ሦስት ቤት ቆመ ማለት እኔ ያላየኋቸው ሦስት ባለቤቶች ኪሳቸው ሳስቷል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ያዘዝኩትን ፌሮ ቀነስኩ።

ሁለተኛው ምልክት የሚገዙት መጠን ነው። ሲሚንቶ በኩንታል የሚጠይቅ ሰው ቤት እየሠራ ነው። በፌስታል አምስት ኪሎ የሚጠይቅ የተሰነጠቀ ግድግዳ እየለጠፈ ነው። የፌስታሉ ሰው ሲበዛ ከተማው መሥራት ትቶ መጠገን ጀምሯል። ካፌ ብትከፍቱም ይኸው ነው፤ ማኪያቶ ጠጪው ወደ ሻይ ሲወርድ፣ ሁለት ሆነው አንድ ኬክ ሲያዙ ጻፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። የእኔም ዕቃ ዋጋው ተሰቀለ። የዓመቱን ሽያጭ ስደምር ካለፈው በልጦ አገኘሁትና ተመስገን አልኩ። ልጄ ናት «እማዬ፣ ብሩን ተይው፣ ቆርቆሮውን ቁጠሪ» ያለችኝ። ለምሳሌ አምና 100 ቆርቆሮ በ500 ብር ሸጣችሁ እንበል፤ 50,000 ነው። ዘንድሮ 80 ቆርቆሮ በ700 ብር፤ 56,000 ነው። ብሩ ጨምሯል፣ ገበያው ግን ከአምስት እጅ አንዱ ጠፍቷል። በዚያ 56,000 ደግሞ መልሳችሁ 100 ቆርቆሮ አትገዙበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ በቁጥር፣ በኪሎ፣ በሲኒ መዝግቡ።

እቁብ ካላችሁ እጣው ስንት እንደሚሸጥ አድምጡ። ጥሩ ጊዜ እጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ ለሌላ ልሽጥ ቢል እንኳ የሚጨመርለት ትንሽ ነው። ብር ሲጠፋ ግን ከጎኑ ተቀምጦ «ለእኔ ልቀቅልኝ» የሚል ይበዛል፣ የሚጨምሩለትም ከፍ ይላል። ለእኔ የከተማው ወለድ እሱ ነው። ባንኩ የሚለጥፈውን ወለድማ ማን ያገኘዋል?

የሚያታልሉ ነገሮችም አሉ። ፎቅ ብዙ ጊዜ ያታልላል። አንዳንዱ ሰው ፎቅ የሚሠራው ተከራይ ስላለ ሳይሆን ብሩ እጁ ላይ እንዳይረክስበት ነው። ማታ ሂዱና መብራት የበራበትን መስኮት ቁጠሩ። የመንገድ ሥራም እንደዚያው ነው፤ እየተሠራ ሳለ ጉልበት ሠራተኛው ይበላል፣ ሲያልቅ ንጣፉ ይቀራል። የሰው ብዛትም ያታልላል። ከገጠር ጸጥታ ፈልጎ የገባ ሰው መንገዱን ይሞላዋል፣ የቤት ኪራይም ያስወድዳል፤ ማኪያቶ ግን አይጠጣም።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት የመጨረሻው ሥራ የእግር ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት መሄድ። የተዘጋ በር መቁጠር። «ይከራያል» የሚል ወረቀት ካለ ገብቶ የቁልፍ፣ ማለት ሱቁን ለመልቀቅ የሚጠየቀውን ብር፣ ስንት እንደሚሉ መጠየቅ። ያለ ቁልፍ ብር «ዕቃዬን ብቻ ግዛኝና ያዘው» የሚል ነጋዴ ከበዛ፣ እሱ የሚያውቀውን እኛ ገና አልሰማንም ማለት ነው። ከዚያ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት ቦታ ሄዶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ሳያገኝ የቀረውን ሰው መቁጠር። መስከረምና ጥቅምት ግን ለአጨዳ ወደ ቆላ ስለሚወርዱ የዚያን ጊዜው ማነስ አያስደስታችሁ።

መጀመሪያ ላይ አኩርፎኝ ነበር። «ካፌ ልክፈት ስል ሰው አስቆጠርሽኝ» ብሎ ለእናቱ ከሷል። ባለፈው ማክሰኞ ደወለ።

«አክስቴ፣ ዛሬ 3 ሰዓት ላይ 14 ሰው ነው የቆመው።»

«ያለፈውስ ማክሰኞ?»

«22።»

«የቁልፍስ?»

«ሁለቱ አልጠየቁኝም። አንዱ ጭራሽ ማሽኑን በዱቤ ውሰድ አለኝ።»

«ማሽኑን እንዳትነካ» አልኩት። «እስከ ፋሲካ ቁጠር።»