ሰሚው ወደ ኋላ አይመለስም፦ የሬዲዮ ዜናና ቃለ መጠይቅ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የጋዜጠኝነት ተማሪ በቅርቡ የመጀመሪያ ዘገባዋን ይዛ መጣች። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዳ፣ አሳ አስጋሪዎችን አነጋግራ የሰራችው ነው። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በአሳ ማስገር ሥራ የተሰማሩ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እየታየ ባለው የማስገሪያ መረብ ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራቸውን በአግባቡ ለማከናወን መቸገራቸውን ገለጹ።»

ሰዋስዉ ደህና ነው። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ማንም ምንም አይልም። «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። «ምክንያት» ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ።

ሐዋሳ ውስጥ የሬዲዮ ዜና መስራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ፣ የቀዱትንም አብሬያቸው እሰማለሁ። ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ። ተማሪው የሚጽፈው ለዓይን ነው። ሬዲዮ የሚያዳምጠው ሰው ግን ባጃጅ እየነዳ ነው። ሽንኩርት እየከተፈ ነው። ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ መልስ እየቆጠረ ነው። ያልገባውን ነገር ተመልሶ ማንበብ አይችልም። አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

ሰሚውን ግሱን ማስጠበቅ

አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ለሬዲዮ ጸሐፊ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ ሳንናገር «የተሰማሩ»፣ «የተደራጁ»፣ «እየታየ ባለው» እያልን ሰሚውን ይዘነው እንዞራለን። እሱ ሁሉንም ተሸክሞ ግሱን ይጠብቃል። ግሱ ሲመጣ ደግሞ «ገለጹ» ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ከተሸከመው ግማሹ መንገድ ላይ ወድቋል።

አብረን እንደገና ስንጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«የአሳ ማስገሪያ መረብ ተወደደ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሰሩ ወጣቶች ሥራው ከብዶናል ይላሉ።»

ማኅበሩ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይመጣል። ዋጋው አራተኛው ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ። «እንዲህ ካጠረ የልጅ ጽሑፍ አይመስልም?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ተማሪ ይሄን ይፈራል። እውነትም ትምህርት ቤት ሳለን የምንደነቀው ረጅምና ጠመዝማዛ ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ መንደር ውስጥ የሆነውን ሲያወሩ አዳምጡ። አጭር አጭር ነው የሚናገሩት። ማንም የልጅ ወሬ ነው አይላቸውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ተናጋሪውን መጨረሻ ላይ መደበቅ። «አሳው እያለቀ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ጨርሶ ላይገኝ ይችላል ሲሉ አንድ አስጋሪ ተናገሩ» ብላችሁ ስታነቡ፣ ሰሚው እስከ «ሲሉ» ድረስ ያንን የሚሰማው እንደ ጣቢያው ቃል ነው። መሃል ላይ ስልኩ ቢጠራና ሬዲዮውን ቢቀንሰው ሐይቁ አሳ አልቆበታል ብሎ ያወራል። ስለዚህ ማን እንዳለው ይቅደም። «አንድ አስጋሪ እንደሚሉት» ብላችሁ ጀምሩ። በኢንተርኔት ከተለቀቀ ጽሑፍ በላይ በሬዲዮ ይሄ የእምነት ጉዳይ ነው።

«ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አስገነዘቡ»

ሰው «አለ» ቢባል ምንም አይጎድልበትም። ኃላፊ ደግሞ «አሉ» ቢባሉ ክብራቸው አይነካም። «አስገነዘቡ» ስትሉ ግን ሳታውቁት ከኃላፊው ጎን ቆማችኋል። ትክክል ተናግረዋል፣ ሌላው ይገንዘብ እያላችሁ ነው።

ከቃሉ የባሰው ግን የዜናው አያያዝ ነው። «በውይይት መድረኩ ላይ ባለድርሻ አካላት ተሳትፈዋል» የሚል ዜና ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ስብሰባ መደረጉ ዜና አይደለም። ስብሰባው ላይ የተወሰነው ነው ዜናው። የባጃጅ ታሪፍ ከተነሳ በታሪፉ ጀምሩ። ምንም ካልተወሰነ ደግሞ «ሳይወስኑ ተለያዩ» ማለትም ዜና ነው። ተማሪ ሆናችሁ ይሄን ካልለመዳችሁ ሥራ ላይ ስትገቡ ጭራሽ ይከብዳችኋል። የተዘጋጀ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ወረቀቱ ደግሞ የሚጀምረው በኃላፊው ማዕረግ ነው።

ሳይሰሙ ማንበብ

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ማለት ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ሐይቅ ውስጥ የምንዋኘው ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር ነው። «ይመታል» የሚለው ራሱ መቺውም ተመቺውም ሊሆን ይችላል። ቤት ስታነቡ ዓይናችሁ ከአገባቡ ይረዳዋል። ስቱዲዮ ገብታችሁ ቀይ መብራት ሲበራ ግን ምላስ ይቸኩላል። ማሳሳት የሚችሉትን ቃላት በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው። ነጥብም ቢሆን፣ መስመርም ቢሆን ይበቃል።

የሰው ስም ላይ ይሄ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ሐዋሳ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት። የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የጉራጌ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ ስም በአንድ ዜና ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ባለቤቱን ጠይቁት። «ስምዎን እስከ አያት፣ የሚሰሩትንም ይንገሩኝ» ብላችሁ የቅጂው መጀመሪያ ላይ አስገቡት። ድምፁ ጥሩ መሆኑን በዚያው ትፈትሻላችሁ፣ አጠራሩም በራሱ አንደበት ይቀራችኋል።

ቀንና ሰዓት

በፍጥነት ልለፈው፣ ግን አደገኛ ነው። አንድ ተማሪ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተርጉሞ «በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ» ብሎ ጻፈ። ፓርኩ የተመረቀው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። ሰሚው ሁሉንም ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ዜናው በ8 ዓመት ተሳሳተ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ከእንግሊዝኛው ገልብጣችሁ «በ9 ሰዓት» ከማለት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ።

ከድሮ ዘገባ ላይ ገልብጦ መለጠፍም አለ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ግን «የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ» የሚል ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል።

ቁጥርን ደግሞ ለጆሮ አቅልሉት። «1 ሚሊዮን 247 ሺህ 362 ብር» ብሎ የሚያስታውስ ሰው የለም። «ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር በላይ» በቂ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቁጥር ካለ አንዱን አውጡት።

ጥያቄ ቆጥሮ መሄድ

ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ልቆይ። እኔ ራሴ ዛሬም የማልረሳው ስህተት የሰራሁት እዚህ ላይ ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ አዛውንት አስጋሪ ጋር ሄድኩ። ማለዳ ነው። ጀልባዎች እየገቡ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ ትርፍራፊ ለመልቀም ዳር ላይ ቆመዋል። ስምንት ጥያቄ በወረቀት ይዣለሁ። የመጀመሪያው «ይህን ሥራ መቼ ጀመሩ?» የሚል ነበር። አባባ ትንሽ አሰቡና «ወንድሜን ሐይቁ የወሰደው ዓመት ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መረብ ዋጋ ነበር። ጠየቅኳቸው። የመረቡን ዋጋ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ጥያቄ መልሳቸው አንድ መስመር ነበር።

ቅጂውን ማታ ሳዳምጠው አፈርኩ። አንድ ሰው ወንድሜ ሰጠመ ሲለኝ «መረብ ስንት ነው?» ብያለሁ። ከጋዜጠኝነትም በፊት ይሄ ከሰውነት ውጪ ነው። ስለ መጠየቅ የተማርኩትን ሁሉ የተማርኩት ከዚያ ቅጂ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ወረቀቱን አዘጋጁት፣ አንብቡት፣ ከዚያ አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ሁለተኛው ጥያቄ ያለው የመጀመሪያው መልስ ውስጥ ነው።

ዝምታንም አትፍሩ። ተማሪዎች ሰውየው ሲያስብ እየሞቱ ያሉ ይመስላቸዋል። ሁለት ሰከንድ ሳይቆዩ «ማለት የፈለግኩት...» ብለው ይገባሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ በሆዳችሁ ቁጠሩ። እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ መጠየቅም የተለመደ ነው። «ሥራው እንዴት ነው፣ ችግራችሁ ምንድን ነው፣ መንግሥትስ ምን ያድርግ?» ስትሉ ሰውየው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል። ኃላፊ ከሆነ ደግሞ የሚመርጠውን አሳምሮ ያውቃል። ለኃላፊ ጥያቄያችሁ አጭርና ጠባብ ይሁን። «የውሃ መስመሩ መቼ ያልቃል?» ስትሉ «በአጭር ጊዜ ውስጥ» ካሉ «በየትኛው ወር?» በሉ። በትህትና፣ በአንቱታ፣ ግን ደግማችሁ ጠይቁ። ትህትና ማለት ጥያቄውን መተው አይደለም። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይይዘናል። ትልቅ ሰው ሁለቴ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አድማጮች ወሩን ማወቅ ይፈልጋሉ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

መልሱን አጉርሶ መጠየቅ ደግሞ አለ። «መንገዱ በመሰራቱ ደስ ብሎዎታል አይደል?» ምን እንዲሉ ነው? ይሉኝታ ያለው ሰው «አዎ» ይላል። «መንገዱ ከተሰራ በኋላ ምን ተለወጠ?» በሉ።

የልቡን የሚናገርበት ቋንቋም አለው ሰው። በሲዳምኛ አፋቸውን የፈቱ እናትን በአማርኛ ካስጨነቃችኋቸው ሦስት ቃል ተናግረው ያቆማሉ። በቋንቋቸው ይናገሩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ድምፃቸውን አሰሙ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ትርጉሙን አንብቡበት።

«እህ» እና ሌሎች ድምፆች

እኛ ሰው ሲያወራን ዝም ብለን አንሰማም። «እሺ»፣ «እህ»፣ «ውይ» እንላለን፣ አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። በጨዋታ ጊዜ ይሄ የደግ ሰው ምልክት ነው። ቅጂ ላይ ግን ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ይጣበቃል፣ ቆርጦ ማውጣትም አይቻልም። አንዲት እናት ስለ ልጃቸው እያለቀሱ ሲናገሩ ከኋላ «እሺ፣ እሺ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአንገታችሁ አዎ በሉ። በዓይናችሁ ስሙ። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል።

ሐይቅ ዳር ነፋስ አለ። ፒያሳ ደግሞ ባጃጅ አለ። የጆሮ ማዳመጫ ሳታደርጉ አትቅዱ፣ ምክንያቱም ጆሯችሁ የለመደውን ጫጫታ ይተወዋል፣ ማይኩ ግን አይተወውም። በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ማይኩን ለሰውየው አታስይዙ። ስትጨርሱም ወዲያው አትሂዱ፣ ማንም ሳያወራ የቦታውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ውሃው፣ ጀልባው፣ የአሳ ነጋዴው ጥሪ ኤዲት ላይ ወርቅ ይሆንላችኋል። ከዚያ ቆማችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አሥር ሰከንድ አዳምጡ። ያልተቀዳ ነገር ቤት ደርሶ ከማወቅ እዚያው ማወቅ ይሻላል።

አንድን ነገር ሁለቴ ማለት

ይሄ ልምድ ባለው ዘጋቢም ላይ ይታያል። አንባቢው «አቶ እገሌ መረብ በጣም እንደተወደደ ተናግረዋል» ይላል። ቀጥሎ የአቶ እገሌ ድምፅ ይገባል፦ «መረብ በጣም ተወዷል።» ሰሚው የተናቀ ያህል ይሰማዋል። የእናንተ ጽሑፍ መረጃውን ይያዝ፣ የሰውየው ድምፅ ደግሞ እናንተ ልትሉት የማትችሉትን ይያዝ። «አቶ እገሌ ዘንድሮ የገዙት አንድ መረብ ብቻ ነው» በሉና «የተቀደደውን ማታ ማታ ከሚስቴ ጋር እንሰፋለን» የሚለውን ድምፅ አስገቡ። ቴሌቪዥን ላይም ይኸው ነው። ጀልባው እየታየ «ይህ ጀልባ ነው» አይባልም።

ልጅቷ በማግሥቱ ወደ አሞራ ገደል ተመለሰች። ወረቀት አልያዘችም። አንድ ወጣት አስጋሪ ስለ መረቡ እየነገራት ሳለ ዝም አለ፣ እሷም ዝም አለች። ቅጂው ላይ ስድስት ሰከንድ ያህል የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «ሞያሌ ልሄድ ነው፣ እዚህ በቃኝ» አለ። ዘገባው ሁለት ደቂቃ ነው። ያንን ስድስት ሰከንድ አልቆረጥነውም።