እግር ሲደነዝዝ፦ የስኳር ሕመምተኛ ቫይታሚን ዲን እንዴት ያስመርምር፣ እንዴትስ ይውሰድ?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግር ጣቶቹ መደንዘዝ ወይም ውስጥ እግሩ ማቃጠል ሲጀምር «ቫይታሚን ዲ ውሰድ» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይደርሰዋል። ምክሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የነርቭ ጉዳት ያገኛቸው የስኳር ሕመምተኞች ጉዳቱ ከሌለባቸው ይልቅ ዝቅተኛ የቫይታሚን ዲ መጠን እንዳላቸው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ እግሩን የሚያመው ሰው ከቤት መውጣትም፣ ፀሐይ ማግኘትም ይቀንሳል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። ቫይታሚኑን ሰጥተው ውጤቱን የተከታተሉት ሙከራዎች ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽና አጭር ናቸው። አንዳንዶቹ ሕመሙ ቀለል ማለቱን አሳይተዋል፤ የተጎዳ ነርቭን መልሶ እንደሚያድን ግን አላረጋገጡም። ስለዚህ ከጎደለ ይሞላል፣ ካልጎደለ አይነካም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

1. እግሩን ይፈትሹ

ይህ መሣሪያ አያስፈልገውም። ታማሚው ጫማና ካልሲውን አውልቆ ዓይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ተራ በተራ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየረ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በስሱ ይንካ። መጫን፣ ማሸት ወይም ደጋግሞ መንካት አይፈቀድም። ታማሚው ንክኪው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። በየመሐሉ «ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ፈተናውን ያበላሸዋል፤ ሰው ሲጠየቅ «አዎ» ማለት ይቀናዋል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ያልተሰማው ሰው በሐኪም መታየት አለበት።

ቁስል፣ የጠቆረ ቆዳ፣ ወይም በአንድ እግር ላይ ብቻ ትኩሳት ያለው እብጠት ካዩ ይህን ጽሑፍ ይተዉና በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ ይሂዱ።

2. ሌሎች ምክንያቶችን ያስመርምሩ

አንድ ምርመራ ብቻ ምረጥ ብባል ከቫይታሚን ዲ በፊት ቫይታሚን ቢ12ን እመርጣለሁ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያጥረው ይችላል። የቢ12 እጥረት ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ የሚያመጣው መደንዘዝም ከስኳሩ ለመለየት ያስቸግራል። በጊዜ ከተደረሰበት መታከሙ ቀላል ነው፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። የታይሮይድ ችግርና የአልኮል መጠጥም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው።

«የነርቭ ቫይታሚን» ተብለው የሚሸጡትን እንክብሎች በጥርጣሬ ነው የማያቸው። ብዙዎቹ ቢ6 አላቸው፤ ቢ6 ደግሞ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እግር ያደነዝዛል። ሁለት ሦስት ዓይነት የሚወስዱ ከሆነ በየማሸጊያው ላይ ያለውን ይደምሩ።

3. ትክክለኛውን የደም ምርመራ ያዙ፣ ወረቀቱንም ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በደም ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ዲ ክምችት የሚያሳየው ምርመራ «25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ» ይባላል። ስሙ በጣም የሚመሳሰል «1፣25 ዳይሃይድሮክሲ» የሚባል ሌላ ምርመራም አለ። ይኸኛው የሚለካው ኩላሊት ለሥራ ያዘጋጀውን የቫይታሚኑን ቅርጽ ነው። ክምችቱ ባዶ ሆኖ እንኳ ሰውነት ይህን ቅርጽ ከፍ አድርጎ ሊይዘው ስለሚችል፣ እጥረት ያለበት ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለምርመራው ደም ከመስጠትዎ በፊት የትኛው እንደታዘዘ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ይመልከቱ። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌሎች በናኖሞል በሊትር ይጽፋሉ። የመጀመሪያው በ2.5 ሲባዛ ሁለተኛውን ይሰጣል። ወረቀቱ 45 ቢል በናኖግራም ከሆነ ምንም አልጎደለም። በናኖሞል ከሆነ ግን 18 ናኖግራም ብቻ ነው፤ አነስተኛ ነው ማለት ነው። ውጤቱን በስልክ የሚነግሩ ሰዎች መለኪያውን ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትምና ወረቀቱን ራስዎ ይያዙት።

ድንበሩ የት ነው በሚለው ላይ ባለሙያዎች ራሳቸው አይስማሙም። ከ12 ናኖግራም በታች እጥረት መሆኑ ብዙም አያከራክርም፤ 20 እና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ሰው በቂ ተደርጎ ይወሰዳል። 30 መድረስ አለበት የሚል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የአሜሪካ የኢንዶክሪን (የሆርሞን ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያንን ቁጥር ትቶታል። ስለዚህ 24 ያገኘ ሰው 30 አልሞላሁም ብሎ ባይጨነቅ እመክራለሁ።

4. መጠኑን ከሐኪም ጋር ይወስኑ

ለአዋቂ የሚመከረው የቀን መጠን 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ 800 ዩኒት ነው። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ አይገባም። ማሸጊያው በማይክሮግራም ከተጻፈ በ40 ያባዙት፤ 25 ማይክሮግራም 1,000 ዩኒት ነው። ዲ2 እና ዲ3 ከሚባሉት ሁለት የቫይታሚን ዲ ዓይነቶች ውስጥ የደሙን መጠን በተሻለ የሚያነሣው ዲ3 ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ።

ከፍተኛ እጥረት ሲኖር ሐኪም 50,000 ዩኒት በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያዝ ይችላል። ይህን እንክብል ከዕለት መድኃኒቶች ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡ። በልማድ በየቀኑ ከተዋጠ በሳምንት 350,000 ዩኒት ይሆናል። የሚወሰድበትን ዕለት በትልቁ ማሸጊያው ላይ ይጻፉበት። «አንዴ ወስጄ ዓመቱን ልገላገል» የሚለውንም አቋራጭ አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የተሰጣቸው አረጋውያን ሴቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወድቀዋል፤ አጥንታቸውም ይበልጥ ተሰብሯል። መሬቱን በደንብ በማይረግጥ እግር ላይ ይህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የኩላሊት ሕመም ወይም የኩላሊት ጠጠር ያለበት፣ ለደም ግፊት እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። የሚያሸናው መድኃኒት ከቫይታሚን ዲ ጋር ተደርቦ የደም ካልሲየምን ከልክ በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ዲጎክሲን ለሚወስድ ደግሞ ከፍ ያለ ካልሲየም ለልብ ምት አደገኛ ነው።

5. ፀሐይ

ፀሐይ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ዲ አታመጣም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ግን አይሠራም፤ ጠቆር ያለ ቆዳም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በባዶ እግር አይውጡ። የጋለ መሬት ሲያቃጥል የማይሰማው እግር ቃጠሎውን የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው።

6. ስኳሩን አይዘንጉ

ነርቭን በመጠበቅ ረገድ ማስረጃው የጠነከረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት በዓይነት 1 ሕመምተኞች ዘንድ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዓይነት 2 ጥቅሙ አነስ ይላል። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያሽቆለቁል ግን ኃይለኛ የነርቭ ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ አወራረዱን ሐኪሙ ይምራው።

7. ከሦስት ወር በኋላ ደግመው ያስለኩ

የደሙ መጠን እስኪረጋ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድሞ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ይከታተሉ። ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ዲ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት ያመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የስኳር ሕመምተኛ በደንብ ያውቃቸዋልና «ስኳሬ ወጣ» ብሎ ያልፋቸዋል። ጥማቱ ኖሮ የስኳር መለኪያው ደኅና ቁጥር ካሳየ እንክብሉን አቁመው ካልሲየምዎን ያስመርምሩ።

በሦስተኛው ወር ቫይታሚኑ ሞልቶ ማቃጠሉ እንዳለ ከሆነ መጠኑን አይጨምሩ። ለዚህ ሕመም አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሲቲን፣ ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የትኛው እንደሚስማማ በዕድሜ፣ በልብና በኩላሊት ሁኔታ ስለሚወሰን ለሐኪሙ «ሌሊት አያስተኛኝም» ብለው በግልጽ ይንገሩት።