«ያችን ክኒን» ከማለትህ በፊት

ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ የለመድኩት ነገር አለ። ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያችን ክኒን» ይለኛል፤ ለስንፈተ ወሲብ፣ ማለትም ብልት አልቆም ሲል የሚዋጠውን ሲልዴናፊል ማለቱ ነው። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው «ጠዋት ስትነሳ ይቆማል?» ብዬ ነው።

ጠዋት ቆሞ ከሚስትህ ጋር ብቻ እንቢ ካለህ፦ ደም ስሩም ነርቩም ባብዛኛው ደህና ነው። ጭንቀት፣ ድካም ወይ ኩርፊያ ይሆናል፤ አብሽር።

ጠዋትም ጠፍቶ፣ ቀስ በቀስ እየላላ ከመጣ፦ ደም ስርህን ጠርጥር። ወደ ብልት ደም የሚወስደው ቧንቧ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ነው፤ የልብ ግን 3 እና 4 ይደርሳል። ስብና ሲጋራ ሲያጠቡት ቀድሞ የሚታወቀው ቀጭኑ ላይ ነው። ስንፈቱ የልብ ሕመም ከመታየቱ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ግፊትህን ተለካ፤ በተደጋጋሚ 140/90 እና በላይ ከሆነ ሐኪም ይይህ። ኮሌስትሮልህንም አስመርምር፣ ሲጋራውን አቁም።

ውሃ ጥም፣ ሌሊት ሽንት መመላለስ፣ የእግር መደንዘዝ አብሮ ካለ፦ ስኳር ነው የምፈራልህ፤ ደም ስሩንም ነርቩንም ይጎዳል። ቁርስ ሳትበላ ተመርመር። በሁለት የተለያዩ ቀናት የደም ስኳርህ 126 (mg/dL) እና በላይ ካሳየ ሕክምና ጀምር።

አዲስ መድኃኒት ከጀመርክ ወዲህ ከሆነ፦ የግፊት መድኃኒቶቹ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፕሮፕራኖሎል፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ሊያመጡት ይችላሉ። በራስህ እንዳታቆም! ሐኪሙ ሌላ ይቀይርልሃል።

ፍላጎቱ ራሱ ከሞተ፦ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በጠዋት ደም ይለካል።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ደግሞ ጫቱን አይነግሩኝም፤ እኔ ነኝ ከጉንጫቸው የማየው። ጫት ደም ስር ያጠባል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከምርቃና በኋላ አልቆም ያለውን በክኒን መጎተት ለልብም ጥሩ አይደለም።

ሲልዴናፊል ሐኪም ካዘዘልህ ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ዋጠው። ቅባት የበዛበት ጥብስ በልተህ ከሆነ ይዘገያል፤ ስሜት ከሌለህም ብቻውን አይሠራም። ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን የምትወስድ ከሆነ ግን ጨርሶ አትንካው፤ ግፊትህን አውርዶ ሊገድልህ ይችላል። ክኒኑን ውጠህ ከአራት ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ቆሞ አልተኛም ካለም እስኪነጋ አትጠብቅ፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።